የራስጌ መብራት ገመድ መቀየር፦ ናስትሮ ጥገና አይደለም

ባለፈው ክረምት ደሴ አክስቴ ቤት አደርኩ። ከአልጋው ጎን አንድ የቆየ የራስጌ መብራት አለ። እግሩ እንጨት ነው፣ ቆቡ ጨርቅ። ልተኛ ስል ላጠፋው እጄን ሰደድኩና ገመዱ ላይ አንድ ወፍራም ነገር ዳሰስኩ። ጥቁር ናስትሮ ነው። አንድና ሁለት ዙር ብቻ አይደለም፣ የአውራ ጣት ያህል ወፍሯል። ሙጫው በጠርዙ ወጥቶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ጠዋት ቡና ላይ «እቴቴ፣ ይሄን ገመድ ማን ጠቀለለው?» አልኳቸው።

«እኔው ነኝ። አይጥ በላብኝ። መብራት እስኪሄድ ጠብቄ ጠቀለልኩት። አብሽር፣ ይሠራል።»

ከግድግዳው ነቀልኩትና ናስትሮውን ፈታሁት። ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሯል። ከአንደኛው ሽቦ የተረፉት አምስት ወይም ስድስት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ሌላኛው ሽቦም ልባሱ ተልጦ አጠገቡ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል የቀረው ክፍተት ከክብሪት እንጨት ውፍረት አይበልጥም። ይህ ሁሉ ከትራሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ሌሊት ሲገላበጡ ጋቢያቸው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

መብራቱ በእርግጥ ይሠራ ነበር። አሳሳቢውም ይኸው ነው። የተጎዳ ገመድ አምፖሉን ማብራቱን አያቆምም። አክስቴ ያደረጉትን ደግሞ ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ስለዚህ ገመዱን እንዴት እንደሚቀይሩት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፍላችሁ። ቀስ ብሎ ለሚሠራ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

መብራት ሄደ ማለት ተነቀለ ማለት አይደለም

ከሁሉ በፊት ይህን እንያዝ። መብራት ሲሄድ ቤቱ ይጨልማል እንጂ ገመዱ ከመስመሩ አልተለየም። መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን የለም። ሽቦውን በሁለት ጣታችን ይዘን ሳለ ሊመጣ ይችላል። የሚመጣው ደግሞ 220 ቮልት ነው።

ማጥፊያውም አያስተማምንም። የብዙ የራስጌ መብራቶች ማጥፊያ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው የሚያቋርጠው። እኛ ጋ የተለመደው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ፕላግ ደግሞ ገልብጠን ብንሰካውም ይገባል። ስለዚህ ማጥፊያው ያቋረጠው ፌዙን (ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ) ይሁን ኒውትራሉን (የሚመልሰውን ሽቦ) በዓይን አይታወቅም። ኒውትራሉን አቋርጦ ከሆነ አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ውስጥ ኮረንቲ አለ።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ፕላጉ ከግድግዳ ይነቀል፣ ሥራው እስኪያልቅም ከዓይናችሁ አይጥፋ። እኔ ፕላጉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የምጀምረው። ልጅ ባለበት ቤት «ማን ነቀለው?» ብሎ የሚሰካ አይጠፋም። አምፖል ስትቀይሩም እንዲሁ ነቅላችሁ ይሁን።

ናስትሮ ለምን አይበቃም?

ናስትሮ ከላይ ይሸፍናል እንጂ የተበጠሱትን ክሮች አይመልስም። ኮረንቲው በቀሩት ጥቂት ክሮች ብቻ እንዲያልፍ ሲገደድ ቦታው ይሞቃል። ሲሞቅ ሙጫው ይላላል፣ ናስትሮው ይንሸራተታል፣ አቧራና እርጥበት ይገባል። የተበጠሱት ክሮች ገመዱ በተነካ ቁጥር ሲገናኙና ሲለያዩ ትንንሽ ብልጭታ ይፈጥራሉ። መብራታችሁ ገመዱን ሲነኩት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ውስጥ ያለው ነገር ይኸው ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ገመዱ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ፣ ፕላጉ ሥር የላላ፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ የዞረ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት፣ ሲዳሰስ የሚሞቅ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀይሩት። መሃሉን ቆርጦ መቀጠልም አይመከርም። ቅጥያው ሁልጊዜ ደካማው ቦታ ይሆናል።

የትኛው መብራት ነው የሚቀየረው?

ይህ መመሪያ ገመዱ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ለሚሰካና አምፖሉ ለሚፈታ መብራት ነው። ፕላጉ እንደ ስልክ ቻርጀር ራሱ ወፍራም ከሆነ ወይም መብራቱ የሚሠራው በቻርጀር ከሆነ አትንኩት። እንዲህ ያለው መብራት የሚሠራው ብዙ ጊዜ በ5 ወይም በ12 ቮልት ነው። ተራ ፕላግ ቢገጠምለት 220ው በቀጥታ ይገባበታል። ከመቃጠልም አልፎ ሰው ይጎዳል።

ሱቅ ስትሄዱ

የድሮውን ገመድ ርዝመት ለኩ፣ ከዚያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ 2 ሜትር ተኩል ይበቃል። በጣም ረጅም አትግዙ። የተረፈው ተጠቅልሎ እግር ሥር ይቀራል፣ ሰው ያደናቅፋል።

ደሴ ፒያሳ ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ገመዱን ከጥቅል ላይ በሜትር ይቆርጡላችኋል። የምትጠይቁት «2 በ 0.75፣ ለስላሳው» ብላችሁ ነው። 2 ማለት ሁለት ሽቦ፣ 0.75 ደግሞ የአንዱ ሽቦ ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር። ገመዱ ላይ ታትሞ ይገኛል፣ አንብቡት። ለስላሳው የሚባለው ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ነው። አንድ ወፍራም ዘንግ ብቻ ያለው ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር መስመር ነው። ለራስጌ መብራት ካዋላችሁት በመታጠፍ ብዛት ይሰበራል።

ውፍረቱ በቂ ነው ወይ ለሚል፣ ባለ 9 ዋት አምፖል የሚስበው 0.04 አምፔር ገደማ ነው። የድሮው ባለ 40 ዋት እንኳ 0.2 አይሞላም። 0.75ቱ ገመድ 6 አምፔር ይችላል። እና ለመብራት ከበቂ በላይ ነው። ለምጣድ ግን አይሆንም! የእንጀራ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ስለሚወስድ ከ13 አምፔር ያልፋል። «ገመድ ያው ገመድ ነው» ብሎ የተረፈውን ለምጣድ ወይም ለካውያ የሚያውል ሰው ቤቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን ደጋግሜ የምለው ተረፈ ብለን የምናስቀምጠው ነገር የሆነ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የገመዱን ጫፍ ገልጣችሁ አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡም እንደ ላዩ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ነጣ ብሎ ብር መሰል ከወጣ አሉሚኒየም በመዳብ ተቀብቶ ነው። እሱ ቶሎ ይሰበራል፣ ብሎን ሥርም ይላላል። ጥሩ ነጋዴ ስትፍቁ አይቆጣም።

አብራችሁ አዲስ ፕላግ ግዙ። ማጥፊያው ገመዱ መሃል ላይ ያለ ከሆነ እሱንም። የአምፖል መያዣውን ፈታታችሁ እዩት፤ ከተሰነጠቀ፣ ከጠቆረ ወይም የመሃሉ ምላስ (የአምፖሉን ጫፍ የሚነካው ብረት) ከዛገ እሱንም ቀይሩ። ከመሣሪያ የሚያስፈልጋችሁ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ምላጭ ወይም ስለታም ቢላዋ ነው። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለ መጨረሻ ላይ በጣም ይጠቅማል።

የመብራቱ አካል ብረት ከሆነ

እንጨት፣ ሸክላ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ይህን እለፉት። ብረት ከሆነ ግን አንድ ክር ወጥቶ አካሉን ቢነካ መብራቱ ራሱ ኮረንቲ ይሆናል። የድሮው ገመድ ባለ ሦስት ሽቦ ከነበረ አዲሱም ባለ ሦስት ይሁን፣ «3 በ 0.75»። ሦስተኛው ቢጫና አረንጓዴ ያለበት ሽቦ ግራውንድ ነው፣ ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ። ከመብራቱ ብረት ጋር በብሎን ይታሰራል። ፕላጉም የግራውንድ መነካኪያ ያለው መሆን አለበት።

ይህ የሚሠራው የግድግዳው ሶኬት ግራውንድ ካለው ነው። የቆዩ ቤቶቻችን ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። ቤታችሁ ግራውንድ ከሌለውና መብራቱ ብረት ከሆነ የእኔ ምክር በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መብራት እንድትለውጡት ነው። በተለይ ወለሉ በውሃ የሚታጠብ ወይም ክረምት እርጥበት የሚገባው ቤት ከሆነ።

መፍታት

ነቀላችሁ? አምፖሉ እስኪበርድ ጠብቁ። አምፖሉን አውጡ፣ ቆቡን አንሱ። ከዚያ ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሡ። መያዣውን ስትከፍቱ አንድ፣ ሽቦዎቹ ብሎን ሥር እንዳሉ አንድ፣ ከታች የእግሩን ክዳን ስትከፍቱ አንድ። ያኔ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር ፎቶው ይነግራችኋል።

የእግሩ ሥር ብዙ ጊዜ በጨርቅ ወይም በካርቶን ተሸፍኗል። በቢላዋ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ መልሳችሁ ትለጥፉታላችሁ። የአምፖል መያዣው ሸክላ ከሆነ በፒንሳ አትጭመቁት፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ብሎኖቹን በቡና ሲኒ ውስጥ አጠራቅሙ።

አሁን የድሮውን ገመድ ለማውጣት አትቸኩሉ። እሱ አዲሱን ይመራል። የድሮውን ገመድ ላይኛው ጫፍ ከመያዣው ከፈታችሁ በኋላ የአዲሱን ገመድ ጫፍ ከእሱ ጋር ጫፍ ለጫፍ አገናኙና በናስትሮ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። (ናስትሮ እዚህ ላይ ሥራው ነው።) ጥቅሉ ቀጭን ይሁን፣ ቱቦው ውስጥ እንዳይታነቅ። የድሮውን ከታች በቀስታ ስትስቡ አዲሱ ከላይ እየገባ ይወርዳል። ቱቦው ጠባብ ከሆነ አንድ ሰው ከላይ እየገፋ ሌላው ከታች ይሳብ። አክስቴ ከላይ ሲገፉ እኔ ከታች ስስብ ነበር ያለቀው።

ደሴ ጠዋት ላይ ብርዱ ገመዱን ያደርቀዋል። ደርቆ ሳለ አስገድዳችሁ ለማጠፍ አትሞክሩ፤ በእጃችሁ ትንሽ አሙቁትና ይለሰልሳል። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ይህ አያስቸግረውም።

ገመዱ ከእግሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ እዩ። ጠርዙ ስለት ካለው ገመዱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት መኖር አለበት። ከሌለ ግዙለት፣ በጣም ርካሽ ነው።

ቋጠሮው

ሰው ገመዱን ሲስበው ወይም በእግሩ ሲጎትተው ጉልበቱ ብሎኑ ላይ ማረፍ የለበትም። አንዳንድ መያዣ ገመዱን የሚነክስ ብሎን አለው። እንዲህ ከሆነ እሱን አጥብቁት፣ ይበቃል። ከሌለው መቋጠር ነው።

የገመዱን የውጭ ልባስ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ገልጣችሁ ሁለቱን ሽቦዎች ለዩ። የግራውን ሽቦ ወደ ቀኝ አጥፋችሁ በገመዱ ግንድ (ሁለቱ ሽቦዎች ባልተለዩበት ክፍል) ፊት አሳልፉት። በግራ በኩል ቀለበት ተሠራ። ቀጥሎ የቀኙን ሽቦ በግራው ጫፍ ላይ አሳልፉት፣ ከግንዱ ኋላ አዙሩት፣ ከዚያ በቀለበቱ ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት አውጡት። ሁለቱንም ጫፍ እኩል ሳቡ። ትንሽ ጠንካራ ጉብታ ይሠራል። ይህ ጉብታ መያዣው ውስጥ፣ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ተቀርቅሮ ገመዱን ይይዘዋል። በመጀመሪያ ሲሞክሩት ያስቸግራል። በአሮጌው ገመድ ላይ ሁለቴ ተለማመዱ።

ገመዱ ጠፍጣፋ ሁለት ሽቦ ከሆነ ውጫዊ ልባስ የለውም፣ ሁለቱን ብቻ ሰንጥቃችሁ ትለያላችሁ።

ሽቦ መግለጥና ማሰር

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው። ብዙ አደጋ የሚጀምረው እዚህ በችኮላ ነው።

የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ግለጡ። ምላጩን ልባሱ ዙሪያ ሳትጫኑ አዙሩት፣ ከዚያ ልባሱን በጥፍራችሁ አጥፋችሁ ጎትቱት። ምላጩን በኃይል ከጫናችሁት ክሮቹ አብረው ይቆረጣሉ። ሁለት ሦስት ክር ከተቆረጠ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ። ለዚህ ነው 30 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ ያልኩት።

ክሮቹን እንደ ፈትል በጣታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ አክሩ። አንድም ክር ተገንጥሎ አይቅር። ብሎኑ ሽቦውን ከሥሩ የሚይዝ ከሆነ የከረረውን ጫፍ በትንሽ ቀለበት አጥፉና ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ አዙራችሁ አስገቡት። ያኔ ብሎኑ ሲጠብቅ ሽቦውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በተቃራኒው ካዞራችሁት ወደ ውጭ ይገፋዋል። መያዣው ቀዳዳ ያለው ከሆነ ደግሞ ጫፉን እጥፍ አድርጋችሁ አስገቡና ብሎኑን ከላይ አጥብቁ። ጫፉን በብየዳ ቆርቆሮ አትቀቡ። ቆርቆሮው ብሎን ሥር እየቆየ ይጎደጉዳል፣ ግንኙነቱ ይላላል።

የትኛው የት? ቡኒው ፌዝ ነው፣ ሰማያዊው ኒውትራል። ቡኒው በማጥፊያው በኩል አልፎ ወደ መያዣው መሃል ምላስ ይሄዳል። ሰማያዊው አምፖሉ የሚጠመዘዝበት የጎን ቆርቆሮ ላይ ይታሰራል። ምክንያቱ አምፖል ስንቀይር ጣታችን የሚነካው የጎኑን ስለሆነ ነው። ፕላጉ ተገልብጦ ስለሚሰካ ይህ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ቢሆንም አሰራሩን በትክክል እንሥራው። አምፖሉ ተጭኖ ትንሽ ብቻ የሚዞር ዓይነት ከሆነ ሁለቱ ምላሶች እኩል ናቸው።

ካሰራችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። ከወጣ አልታሰረም። ከልባሱ ውጭ የሚታይ መዳብ ካለም እንደገና አሳጥሩት።

ማጥፊያውና ፕላጉ

በገመዱ መሃል የሚገባ ማጥፊያ ካለ ከመብራቱ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት፣ እጅ በጨለማ እንዲያገኘው። እዚያ ቦታ የውጭ ልባሱን ገልጣችሁ ቡኒውን ብቻ ቁረጡ። ሰማያዊው ሳይቆረጥ ያልፋል። ሁለቱን የቡኒ ጫፎች በማጥፊያው ሁለት ብሎኖች እሰሩ። በሁለቱም በኩል ያለው መንከሻ የውጭ ልባሱን መንከስ አለበት እንጂ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች አይደለም።

ፕላጉም ተመሳሳይ ነው። ክፈቱት፣ አንዱን ወደ አንዱ ጥርስ፣ ሌላውን ወደ ሌላው። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ የግራውንዱን ሽቦ ከሁለቱ ጥቂት አስረዝሙት። አንድ ቀን ገመዱ በኃይል ቢጎተትና ቢወጣ፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ግራውንዱ ይሁን።

ከመሰካት በፊት

መልቲሜትር ካላችሁ ድምፅ በሚያሰማው ላይ አድርጉት። አምፖሉ ወጥቶ፣ ማጥፊያው በርቶ፣ የፕላጉን ሁለት ጥርሶች ንኩ። ድምፅ መኖር የለበትም። ካለ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፣ ሾርት ነው። ከዚያ አንዱን ጥርስ ከመያዣው መሃል ምላስ ጋር፣ ሌላውን ከጎኑ ቆርቆሮ ጋር ሞክሩ። ሁለቱም መጮህ አለባቸው። አካሉ ብረት ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ጥርሶች ከብረቱ ጋር በጭራሽ አይጩሁ። መልቲሜትር ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፣ ምርመራው ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን አምፖሉን ግጠሙ። በመያዣው ላይ የተጻፈውን የዋት ጣሪያ አትለፉ። የምመርጠው ከ7 እስከ 9 ዋት ያለውን ኤልኢዲ ነው። የድሮው ክር አምፖል በሙቀቱ መያዣውንና የገመዱን ጫፍ እያደረቀ ነው የሚገድለው።

ማጥፊያውን አጥፍታችሁ ፕላጉን ሰኩ፣ ከዚያ አብሩ። ብሬከሩ ከወረደ ቀድማችሁ ንቀሉ፣ ከዚያ ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሳይከር ወጥቶ የቀረ አንድ ክር ነው። ከበራ ግማሽ ሰዓት አቆዩትና ንቀሉት። ወዲያው ፕላጉን፣ ማጥፊያውን፣ ገመዱን ዳስሱ። ሙቀት ካለ አንድ ብሎን ላልቷል ማለት ነው።

ገመዱን ከፍራሽ ሥር፣ ከምንጣፍ ወይም ከአጎዛ ሥር አታሳልፉ። እዚያ ይረገጣል፣ ሙቀቱ አይወጣም፣ አይጥም ስትበላው አይታይም። በግድግዳው ጥግ ይሂድ። ስትነቅሉም ፕላጉን ይዛችሁ እንጂ ገመዱን ጎትታችሁ አይሁን።

የቀረው አሮጌው ገመድ ነው። ከነፕላጉ መጣያ ላይ ከተጣለ ልጅ አንሥቶ ይሰካዋል፣ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ የተገለጠ መዳብ ነው። ፕላጉን ቁረጡት፣ ገመዱንም ስንዝር ስንዝር አድርጋችሁ ቁረጡት። አክስቴ ቤት ይህን ስሠራ እቴቴ መቀሱን ተቀበሉኝና «አምጣው፣ ይሄንን እኔ ልጨርሰው» አሉ። ናስትሮ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ለብቻው አስቀመጡት፣ ለጎረቤት ሊያሳዩት።